ጠንበለልን በግቢያችን ስለ መትከል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)





ለዛሬው በዓል ከየክፍሉ አንድ ንግግር እንዲቀርብ በተወሰነ ጊዜ ለእኛ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የደረሰን ርእስ «አትክልትና ውበት» የሚል ነበር። ርእሱ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በጣም ሰፊ ነው። ውበት ምን እንደ ሆነ ለመተርጐም ዕድሜያችንም ትምህርታችንም ገና ስለ ሆነ፣ ሰፊውን ነገር ለሊቃውንት ትተን አንድ ሐረግ ብቻ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ጠንበለል ነው።

ጠንበለል በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ፣ በደን ጠርዝና በጅረት ዳር፣ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ሐረግ ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ ጠንከር ያለና የሚያብለጨልጭ ነው፤ በአንድ የቅጠል ዘንግ ላይም ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። በጋ ይሁን ክረምት ቅጠሉ ፈጽሞ ረግፎ ሐረጉ ራቁቱን አይቀርም። አበባው ነጭ ነው፤ ሳይፈነዳ እንቡጡን የተመለከቱት እንደ ሆነ ግን በውጭ በኩል ቀላ ያለ ቀለም ይታይበታል። አበባው ሲረግፍ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁ ትንንሽ ፍሬዎች ያፈራል፤ ፍሬዎቹም ሲበስሉ ይጠቁራሉ። መዓዛውን ግን በቃላት ለመግለጽ ብንሞክር የምንሳሳት ይመስለናል። በማታ ከጥናት ክፍል ወጥቶ በአጠገቡ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ያላለፈም ሰው ቢኖር ዛሬ በዚህ ንግግር መጨረሻ መድኃኒቱን እንነግረዋለን።

ከትምህርት ቤታችን በስተ ሰሜን ከእንጦጦ የሚወርድ አንድ ትንሽ ጅረት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጅረቱ ዳር አንድ አሮጌ ወይራ ነበረ፤ በወይራው ላይም ከግንዱ እስከ ጫፉ የተጠመጠመ ጠንበለል ነበረ። «ነበረ» ማለታችን በከንቱ አይደለም። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ከወይራው ግንድ ላይ በቀይ ቀለም የተደረገ ምልክት አየን። ምልክቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገንም፤ በዚያው መስመር ላይ ያሉት ዛፎች ሁሉ እንደዚያው ተቀብተው ነበርና። ዘንድሮ በጥር ወር የጅረቱ ዳር ለመንገድ ሥራ ሲጠረግ ወይራው ተቆረጠ፤ ሐረጉም ከወይራው ጋር በአንድ ቀን ተጭኖ ሄደ።

እኛ የመንገድ ሥራ ተቃዋሚዎች አይደለንም። መንገዱ ሲያልቅ የምንሄድበት እኛው ነን፤ በክረምት ጭቃ ጫማችንን በእጃችን ይዘን የመጣንባቸውን ቀኖችም አልረሳናቸውም። ነገር ግን በሠፈራችን እኛ የምናውቀው ሌላ ጠንበለል አልነበረም። ከዚያ በላይ ወደ ተራራው የወጣን እንደ ሆነ የምናገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ከተማችንን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለ ውለታ ዛፍ መሆኑን በክፍል ተምረናል፤ ይሁን እንጂ ከሥሩ ሌላ ነገር በቀላሉ አያበቅልም። ስለዚህ የጅረቱ ዳር ጠንበለል ሲጠፋ ከአጠገባችን የሚተካው አልነበረም።

ሆኖም ጨርሶ አልጠፋም። ቀዩን ምልክት ባየን በሳምንቱ፣ የሰኔ ዝናም እንደ ጀመረ፣ የባዮሎጂ መምህራችንን አስፈቅደን ከዚያ ሐረግ 80 ቁርጥራጮች ወሰድን። ዛሬ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተ ጀርባ በዘይት ጣሳ ተተክለው የምታዩዋቸው ችግኞች የዚያ ሐረግ ልጆች ናቸው። የዛሬው ንግግራችንም ስለ እነርሱ ነው።

አስቀድመን ስለ ወገኑ ጥቂት እንናገር። ጠንበለል በዓለም ላይ 200 ያህል ዘሮች ካሉት ከያስሚን ወገን ነው። «ያስሚን» የሚለው ስም ከፋርስ ቋንቋ ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች የገባ ነው። የእኛን ጠንበለል የዕፅዋት ሊቃውንት «ያስሚኑም አቢሲኒኩም» ይሉታል፤ ይህም ስም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1844 በመጽሐፍ ታትሞለታል። በትግርኛ ሐቢ ጸሊም ይባላል። ከዚህም በቀር በአገራችን ጠንበለል የሚባል ሌላ ዘመድ አለው፤ እርሱ ቅጠሉ ሦስት ብቻ ሳይሆን አምስትም ሰባትም እየሆነ በአንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ የሚደረደር ሲሆን፣ ደረቅ በሆነው አገር ይበቅላል። ሊቃውንት ይህን ሁለተኛውን በፈረንሳይ አገር ግራስ በምትባል ከተማ ዙሪያ ለሽቶ ከሚተከለው ከታላቁ ያስሚን ጋር አንድ ዘር አድርገው ይቆጥሩታል። እንግዲህ በቆላና በወይና ደጋ ድንበር ፍየል የሚቀነጥሰው ሐረግ በውድ የሚሸጠው ሽቶ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው። ፍየሏ ይህን ብታውቅ ኖሮ ምን ትል ነበር እያልን እኛ በክፍል ውስጥ ስቀናል።

ያስሚን የወይራ ቤተሰብ ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማው ተጠራጥረን ነበር። አንዱ ለስላሳ ሐረግ፣ ሌላው ብረት የሚያክል እንጨት፤ ምን ያገናኛቸዋል? መምህራችን ግን ከሁለቱም አበባ አምጥተው በማጉያ መስተዋት እንድንቈጥር አደረጉን። የወይራው አበባ ቅጠሎች አራት ናቸው፤ የጠንበለሉ አምስት፣ አንዳንዴም ከአምስት የሚበልጡ ናቸው። በመካከል ያሉትን የወንዴ ዘር ተሸካሚዎች ስንቈጥር ግን በሁለቱም ሁለት ሁለት ብቻ ሆነው አገኘናቸው። ከዚያ ወዲህ በጅረቱ ዳር ጠንበለል በወይራ ላይ ተጠምጥሞ ባየን ቍጥር ባዕድ በባዕድ ላይ የወጣ ሳይሆን ዘመድ በዘመድ ትከሻ ላይ የተደገፈ ሆኖ ይታየን ነበር።

ይህን ያህል ስለ ወገኑ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን በመንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ሰዎች ዘንድ ሄዳችሁ «ጃስሚን ስጡኝ» ብትሉ የምትቀበሉት ነገር ሁልጊዜ ያስሚን አይደለም። ነጭ አበባና መልካም ሽታ ያለው ሐረግ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራልና። ከእነዚህ አንዱ ከቻይናና ከጃፓን የመጣው ኮከብ ያስሚን የሚባለው ነው፤ ሮበርት ፎርቹን የተባለው የአትክልት ሰብሳቢ በ1844 ከሻንጋይ ወደ እንግሊዝ አገር ልኮት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተሠራጭቷል። እርሱም ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ መዓዛውም የሚያስደስት ሐረግ ነው፤ ቤተሰቡ ግን የአጋም እንጂ የወይራ አይደለም። መለያው ቀላል ነው። ቀንበጡን ቀንጥሱት፤ እንደ አጋም ነጭ ወተት ያወጣ እንደ ሆነ ኮከብ ያስሚን ነው፤ ወተት የሌለው እንደ ሆነ እውነተኛው ያስሚን ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ «የሌሊት ጃስሚን» እየተባለ የሚሸጠው፣ በማታ ሽታው እስኪያዞር ድረስ የሚበረታው ቍጥቋጦ ነው። እርሱ ሐረግም አይደለም፤ ቤተሰቡ የድንችና የትንባሆ ነው፤ ፍሬውም መርዝነት ስላለው ትንንሽ ሕፃናት ባሉበት ቤት መስኮት ሥር ባይተከል ይሻላል እንላለን።

ኮከብ ያስሚንን የገዛ ሰው ይጣለው አንልም። ነገር ግን ገንዘብ ከፍሎ የሩቅ አገር ሐረግ ከሚያመጣ ይልቅ፣ ዝናማችንንና ብርዳችንን በልጅነቱ የለመደውን የአገሩን ጠንበለል ቢተክል ድካሙ ያንሳል። ስለ ቡገንቪሊያም እንዲሁ ነው። ቡገንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ግቢያችንን ሁሉ በቀይና በሐምራዊ ቀለም አስጊጧል፤ እሾሁም ሌባን ያርቃል። ዓይን ይጠግብበታል፤ አፍንጫ ግን ጾሙን ያድራል።

አሁን ወደ መዓዛው እንምጣ። ብዙዎቹ የያስሚን ዘሮች መዓዛቸው ከቀን ይልቅ በማታ ይበረታል። ምክንያቱም አበባቸው ነጭ፣ የአበባውም አንገት ረጅምና ጠባብ ስለ ሆነ፣ ወለላውን ሊደርስበት የሚችለው ምላሱ ረጅም የሆነ ነፍሳት፣ በተለይም የእሳት እራት ነው። የእሳት እራት የሚበረው በጨለማ ነው። በጨለማ ቀይና ሰማያዊ ቀለም አይጠቅምም፤ ነጭ ግን ይታያል፤ ሽታም ከሩቅ ይጠራል። ስለዚህ በማታ ጥናት ሰዓት በመስኮት ገብቶ አልጀብራችንን የሚያስረሳን መዓዛ ለእኛ ተብሎ የተላከ አልነበረም፤ ለእሳት እራት የተላከ ጥሪ በመንገድ ላይ እኛን ያገኘን ነው።

ይህ መዓዛ በፋብሪካ ቋንቋ ብዙ ገንዘብ ነው። በቀድሞ ዘመን በግራስ ከተማ ሽቶ የሚያወጡት ሰዎች በመስተዋት ላይ የተጣራ ሞራ ቀብተው አበባውን በሞራው ላይ ይደረድሩ ነበር። የያስሚን አበባ ከተቀጠፈም በኋላ መዓዛውን ማውጣቱን ስለማያቋርጥ ሞራው ሽታውን ይጠጣል፤ አሮጌው አበባ ተነሥቶ አዲስ ይተካል፤ ሞራው እስኪጠግብ ድረስ ይህ ይደጋገማል። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ የሚደነቁ አይመስለንም። ቅቤን ከሽንኩርት አጠገብ ማስቀመጥ እንደማይገባ፣ ቅቤ የአጠገቡን ሽታ እንደሚስብ፣ መልካም ሽታ ባለው ቅጠል የተነጠረ ቅቤም ጠረኑን ለብዙ ቀን እንደሚይዝ ያውቃሉና። ዛሬ ሥራው በሌላ መንገድ፣ ሽታን በሚያሟሙ ፈሳሾች ይሠራል። አንድ ኪሎ አበባ ለመሙላት እስከ 10,000 የሚደርሱ አበቦች አንድ በአንድ በእጅ መለቀም አለባቸው፤ አንድ ኪሎ የጠራ የያስሚን ሽቶ ለማውጣት ደግሞ ብዙ መቶ ኪሎ አበባ ያስፈልጋል።

ዛሬ አብዛኛው የሚለቀመው በግራስ ሳይሆን በግብፅና በሕንድ ነው። በግብፅ የሚበቅለው በአባይ ወንዝ አፍ ባለው ለም ሜዳ ሲሆን፣ መዓዛው ሳይተን እንዲደርስ ከሌሊቱ ጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ ይለቀማል። በ2024 ቢቢሲ ባቀረበው ምርመራ ከለቃሚዎቹ መካከል ሕፃናት እንደሚገኙባቸው ታይቷል። ይህን ስንሰማ ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም። ሐረጉን የሚያጠጣው ውሃ ከእኛ አገር የወረደ ነው፤ በሌሊት ተቀስቅሰው የሚለቅሙትም ልጆች የታናናሾቻችን እኩዮች ናቸው። መዓዛ ያለ ዋጋ እንደማይገኝ ሽቶውን የሚገዙ ሰዎች ሊያውቁት ይገባል። በግቢ ውስጥ የሚተከል ጠንበለል ግን ማንንም ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም።

ስለ መዓዛው አንድ ነገር ጨምረን እናልፋለን፤ በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ እጅግ ያስገረመን ነውና። በፈረንጆች 1962 ሊቃውንት ከያስሚን ዘይት ውስጥ «ሜቲል ጃስሞኔት» የሚባል ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ለጊዜው የሽቶ ቅመም ብቻ መስሎ ነበር። ቆይቶ ግን ይህ ነገርና ወገኖቹ በዕፅዋት ዓለም ሁሉ ውስጥ የሚገኙ መልእክተኞች መሆናቸው ታወቀ። ትል ቅጠልን ሲበላ ዛፉ ይህን መልእክት በሰውነቱ ያስተላልፋል፤ ያን ጊዜ ቅጠሎቹ የትሉን ሆድ የሚያውክ ነገር ማዘጋጀት ይጀምራሉ። በ1990 በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ ደግሞ ይህን ሽታ ከሚያወጣ ቍጥቋጦ ጋር በአንድ ዝግ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ቲማቲም፣ ማንም ሳይነካው፣ ሽታውን በአየር ተቀብሎ ራሱን ለመከላከል ተዘጋጅቶ ተገኝቷል። እኛ «አትክልት ምን ያውቃል» እያልን ስናልፍ፣ አትክልት በአጥር ላይ ሆኖ ለጎረቤቱ «ጠላት መጣ» ማለት ይችላል።

አባቶች የጠንበለልን ቅጠልና ሥር ለኮሶ መድኃኒትነት ሲያውሉት ኖረዋል። እኛ ስለ መጠኑና ስለ አወሳሰዱ ዕውቀት የለንምና ማንም ከእኛ ችግኝ ቀጥፎ እንዳይጠጣ አደራ እንላለን። ኮሶ የያዘው ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ።

አሁን ወደ ተከላው። ቁርጥራጭ የሚወሰደው ዝናም በጀመረበት ጊዜ ነው፤ እኛ በሰኔ ወሰድን። በጣም ለጋ የሆነው ጫፍ ቶሎ ይጠወልጋል፤ እንጨት የሆነው አሮጌው ደግሞ ሥር ለመስደድ ይዘገያል። የሚሻለው መካከለኛው፣ ሲታጠፍ ጥቂት የሚቋቋም፣ ገና አረንጓዴነቱን ያልጨረሰው ክፍል ነው። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ ሦስት ወይም አራት አንጓ ቢኖረው መልካም ነው። ከታች ከአንጓው ሥር በሰላ ቢላዋ ይቆረጣል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ይነሣሉ፤ ከላይ ሁለት ብቻ ይቀራሉ። ከዚያም አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ሁለት አንጓ ያህል ተቀብሮ በጥላ ይቀመጣል። እኛ ከ80ዎቹ ከፊሎቹን በላስቲክ ሸፍነን በጥላ፣ ከፊሎቹን ደግሞ ገላጣ በሆነ ቦታ አስቀመጥናቸው። በጥላና በላስቲክ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሲጸድቁ፣ በገላጣው ቦታ ከነበሩት የሚበልጡት በነሐሴ ደርቀው ተገኙ። በመስከረም ስንቈጥር ሥር የሰደዱት ሁሉ 47 ነበሩ።

ከዚህ የሚቀለው ሌላው መንገድ ግን ማጎንበስ ነው፤ ለወላጆቻችን የምንመክረውም ይህን ነው። ከሐረጉ ዝቅ ብሎ የሚገኝ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ ወደ መሬት ይጎነበሳል፤ መሬት የሚነካው አንጓ ከሥሩ ትንሽ ይፋቃል፤ ከዚያ በአፈር ተሸፍኖ እንዳይነሣ ድንጋይ ይጫንበታል። ጫፉ ከአፈር ወጥቶ ወደ ላይ ይቀራል። እናቲቱ ሐረግ እያጠባችው ሥር ስለሚሰድ ድርቀት አይጎዳውም። በጅረቱ ዳር በዚህ ዓይነት የቀበርናቸው 5 ቅርንጫፎች አምስቱም ጸደቁ፤ በኅዳርም ከእናታቸው ለይተን ወደ ግቢ አመጣናቸው። ከሁለት ወር በኋላ እናቲቱ አልነበረችም።

ሲተከል ቦታውን መምረጥ ዋና ነገር ነው። በጫካ ውስጥ የጠንበለል ሥር ሁልጊዜ በጥላና በእርጥብ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ነው፤ ራሱ ግን ወደ ፀሐይ ይወጣል። በግቢም እንዲሁ ሥሩ እንዳይግል፣ ራሱ ግን ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ እንዲያገኝ ያስፈልጋል። በጥልቅ ጥላ የተተከለ እንደ ሆነ ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ ይነፍጋል። ጕድጓዱ በወርዱም በጥልቀቱም አንድ ክንድ ያህል ይሁን። አፈሩ ውሃ የሚቋጥር መረሬ ከሆነ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ይጨመርበት፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ የቆመ ሥር ይበሰብሳልና። ፍግ ያረጀ መሆን አለበት፤ ትኩስ ፍግ ለጋ ሥር ያቃጥላል። ለመወጣጫ በግንቡ ላይ ሽቦ መወጠር ይበቃል፤ ሽቦው ከግንቡ ጥቂት ጣት ያህል ቢርቅ ነፋስ በመካከል ያልፋል። ጠንበለል መቆናጠጫ ፈልጎ ራሱ የሚጠመጠም ሐረግ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ብቻ በጨርቅ ቅዳጅ አላልቶ ማሰር፣ መንገዱን ማሳየት ነው። በሲባጎ አጥብቆ ያሰረው ሰው ግን ሐረጉ ሲወፍር ያንቀዋል።

የዚህ ሐረግ ትልቁ ጠላት ትልም ብርድም አይደለም። ክሽክሽ በለጋው ጫፍ ላይ የወጣ እንደ ሆነ በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል፤ ውርጭ ያቃጠለው ቀንበጥም በበልግ ተመልሶ ይወጣል። ትልቁ ጠላቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ናቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐዩ እየጠነከረ ነፋሱም እየደረቀ ሲሄድ፣ ለጋው ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ያላገኘ እንደ ሆነ አይዘልቅም። ዘንድሮ በገና ዕረፍት ጊዜ ግቢው ባዶ በነበረበት ወቅት ከ52ቱ ችግኞች 6ቱ የሞቱት በዚህ ነው። የቀሩት 46 የዳኑት ከእኛ መካከል በሠፈሩ የሚኖሩት ተራ ገብተው በየሦስት ቀኑ በጀሪካን ውሃ ስላመላለሱ ነው። ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ ግን ሥሩ ጠልቆ ስለሚገባ ራሱን ይችላል። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው አበባው ካለፈ በኋላ በመቀስ መከርከም ብቻ ነው፤ ካልተከረከመ ከታች እንጨት ብቻ ሆኖ አበባውን ጣራ ላይ ወስዶ ለወፎች ያሳያል።

የመጣንበት ጕዳይ እዚህ ላይ ነው። ጠንበለል ከቁርጥራጭ ተነሥቶ በደንብ እስኪያብብ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈልጋል። እኛ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈተናችንን ጨርሰን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ችግኞቹ የሚተከሉት በመጪው ሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው፤ ውሃ የሚፈልጉትም ከኅዳር ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ አንዳንዶቻችን በሌላ ከተማ፣ አንዳንዶቻችን በሥራ ፍለጋ ላይ፣ አንዳንዶቻችንም ገና የት እንደምንሆን በማናውቅበት ቦታ እንሆናለን። ውሃ የሚያጠጣ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ከርእሰ መምህራችን ጋር ተነጋግረን እንዲህ ተወስኗል። ከ46ቱ ችግኞች 12ቱ በማደሪያውና በመጸዳጃው መካከል ባለው ግንብ ሥር፣ በየሁለት ሜትሩ ይተከላሉ። ስለ ቦታው ምርጫ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ በነፋስ ቀን በዚያ ያለፈ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። የእነዚህን የ12ቱን ውሃ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲረከቡን እንለምናቸዋለን። የ10ኛንና የ11ኛን ክፍል ያልለመንነው ንቀን አይደለም፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ገና ሦስት ዓመት እዚህ ስለሚቆዩ፣ ያጠጡትን ሐረግ አበባ ለማየት የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ሁለት ማጠጫና አንድ መቀስ፣ የተራ ዝርዝር የተጻፈበት ደብተርም ጨምረን እናስረክባቸዋለን።

የቀሩት 34 ችግኞች ለወላጆች ናቸው። በአንድ ግቢ ብቻ የተተከለ ነገር አንድ ቀይ ምልክት ይበቃዋል፤ ያንን በጅረቱ ዳር አይተናል። በ34 ግቢ የተተከለ ግን በአንድ ቀን አይጠፋም። ደግሞም የአንዱ ቤት የሞተ እንደ ሆነ ከሌላው ቤት ቅርንጫፍ ጎንብሶ ሊተካ ይችላል። ለዚህ ሲባል ችግኝ የሚወስዱት ወላጆች ሁሉ ሠፈራቸውን በደብተሩ ላይ እንዲያስመዘግቡልን እንለምናለን። ዋጋ አንቀበልም። በኪራይ ቤት የሚኖሩና የራሳቸው መሬት የሌላቸው ወላጆችም አይቅሩ፤ በትልቅ ጣሳ ወይም በተሰበረ እንስራ ውስጥም ይኖራል፤ ቤት የቀየሩ እንደ ሆነም ይዘውት ይሄዳሉ። እንዲያውም ከመካከላችን የአንዱ እናት ባለፈው ወር ሁለቱን ወስደው በሰገነታቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ አንደኛው እንቡጥ ይዟል ብለውናል። እኛ ገና አላየነውም፤ እርሳቸው ግን የማያዩትን የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

ችግኞቹ ዛሬ ከሻይ በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተ ጀርባ ይታደላሉ። ጣሳው ዝገት ስላለው ልብስ እንዳይነካ ጋዜጣ አዘጋጅተናል። በመኪና የሚወስዱ ሰዎች ሐረጉ እንዳይሰበር ጣሳውን ከወንበር ሥር እንዲያቆሙት፣ በታክሲ የሚሄዱም በጉልበታቸው ላይ እንዲይዙት እንለምናለን። ቤት እንደ ደረሱ ዛሬውኑ አይተክሉት፤ ሰኔ እስኪገባ በጥላ አስቀምጠው በሳምንት ሁለት ጊዜ ያጠጡት። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም አጠጥተናቸዋል።